ጀርመኒቷ ሳጥን

ሰው ምክር ሲጠይቀው እንግዳወርቅ መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያ ነው። ስለ ትዳር ጠይቁት፣ ስለ መኪና ጠይቁት፣ ዓይኑ ወደ ላይ ነው። ይህን ልማድ ያመጣበት ዲሽ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የሐበሻ ቤት ሁሉ ዲሽ ሲያሰቅል ሰቃዩ እሱ ነበር፤ መሰላሉን የምይዝለት ደግሞ እኔ። በሥራ ቀን ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ አብረን እንሠራለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት የሰው በረንዳ ላይ ነን። እሱ ዲሹን ቀስ እያለ ያዞራል፣ ከቤት ውስጥ አንዱ "መጣ፣ መጣ፣ ኧረ ሄደ" ይላል፣ እኔ ከታች የሕንጻው ማኔጀር እንዳይደርስብን እጠብቃለሁ። ከአስፐን ሂል እስከ ጌይተርስበርግ ያልተንጠለጠልንበት በረንዳ ጥቂት ነው።

ደግ ሰው ነው ብዬ አልጀምርላችሁም። ደግ ነው፣ ግን ድርቅናው ይቀድማል። አንድ ነገር ይሆናል ካለ ይሆናል። ምስሉ እስኪመጣ ድረስ በረዶ ቢዘንብ ከጣሪያ አይወርድም፤ እኔ ከታች እግሬ ደርቆ ስረግመው "ትንሽ ታገሥ፣ ልይዛት ነው" ይለኛል፣ ሳተላይቷ በጅራቷ የምትያዝ ይመስል።

ሚስቱን አሰለፈችን ያላወቀ የዚህን ሰው ግማሹን ነው የሚያውቀው። ትልቅ ሆቴል ውስጥ የጽዳት ሠራተኞች አለቃ ነበረች። በአማርኛ ትቀልዳለች፣ በእንግሊዝኛ ታዛለች፣ ስትናደድ በስፓኒሽ ትሳደባለች። ባሏን እኔ ባለሁበት "እግዜር በቅሎ ሠርቶ ሲጨርስ የተረፈውን ጭቃ ለመጣል ሳስቶ ነው አንተን የፈጠረህ" ትለው ነበር። እሱ ይስቃል። በዚያ ቤት ወሬ የሷ ነው፣ ዝምታ የሱ ነው፤ ተስማምተው ኖሩ።

በኛ አቆጣጠር በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት በበረዶው ወራት ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሉ። ከዚያ ሁሉ ቋንቋ አፏ ላይ የተረፉት "እሺ" እና "እንጃ" ብቻ ናቸው። እንግሊዝኛው ጠቅልሎ ሄደ፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ግን ፈጠን ካለ ያመልጣታል። ሊጠይቋት የሚመጡ ሰዎች እንደ ሕፃን ጮክ እያሉ ያነጋግሯታል። ያኔ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

በራሷ የምትሠራው አንድ ነገር ቀራት፤ ቴሌቪዥን መለወጥ። ሰው ያጥባታል፣ ሰው ያለብሳታል፣ ሰው ያጎርሳታል። ሪሞቱን ግን ማንም አይነካባትም። በግራ እጇ ይዛ በአውራ ጣቷ ትጫናለች፤ የማትፈልገውን ታሳልፋለች፣ የምትፈልገው ላይ ትቆማለች። እንግዳወርቅ አንድ ቀን ሥራ ቦታ "ይችን ከወሰዱባት ምን ይቀራታል?" አለኝ። የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ዲሹ ዘመኑ አለፈ። ቻናሎቹ አንድ በአንድ ወደ ኢንተርኔት ገቡ፤ በረንዳ ላይ የቀሩት ሰሃኖች የወፍ ማረፊያ ሆኑ። ልጃቸው ኤፍራታ አሜሪካ ውስጥ ሰው ቤት ሁሉ ያለችውን ዓይነት ጥቁር ሳጥን ገዝታ አመጣች። ሪሞቷ ላይ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ቀስትና ማይክሮፎን ብቻ። ማይክሮፎኑን ተጭነህ የምትፈልገውን ትናገራለህ። አሰለፈች ተጫነችና "እንጃ" አለች። ሳጥኗም አልገባኝም አለች፣ በእንግሊዝኛ። በቀስት ስትሄድ ደግሞ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር የፊልም ፎቶ ነው፤ ትናንት ያገኘችው ቦታ ዛሬ የለም፣ አፕዴት ሆኖ ተዛውሯል። ያቺ አውራ ጣት በስንት ልፋት ያጠናችውን መንገድ እየደጋገሙ አፈረሱባት። አንድ ቀን ሪሞቱን ወረወረችው። በግራ እጅ ሲወረወር ሩቅ አይሄድም፤ እግሯ ሥር ወደቀ። ያም አስለቀሳት።

"ዳድ፣ ታብሌት እንግዛላት፣ ቬሪ ኢዚ ነው" አለች ኤፍራታ።

"ቁጥር ያለው ሪሞት ነው የምፈልገው። አራትን ስትጫን አራት የሚመጣ።"

"ኖባዲ ሜክስ ዛት ኤኒሞር።"

"አውሮፓ ይሠራሉ" አለ እንግዳወርቅ፣ ጣሪያውን እያየ።

ከየት አመጣው እንዳትሉ። ዲሽ በምንሰቅልበት ጊዜ ደህና ደህናው ሪሲቨር ከአውሮፓ ነበር የሚመጣው፤ ጡብ የሚያክል፣ ሪሞቱ በቁጥር የተሞላ። የሱ እምነት ያኔ ላይ ቆሟል። ኤፍራታን አስቀምጦ ለአውሮፓ ኩባንያዎች ኢሜይል ማስጻፍ ጀመረ። አንዱ ከፈረንሳይ በትሕትና ወደ አሜሪካ አንልክም አለ። አንዱ ከፊንላንድ ብንልክልህም በአሜሪካ ኢንተርኔት አትከፈትም አለ። ሌሎቹ ጭራሽ አልመለሱም። እኔ "ሰውዬ፣ ተወው" ብለው "ዛሬ ሪሞት መምረጥ ካቃተኝ ነገ ምን ልመርጥላት ነው?" ብሎ ተቆጣኝ። ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር።

በመጨረሻ የተገኘችው ዘመድ ቤት ነው። ሀብተማርያም የአክስቱ የእትዬ ደብሪቱ ልጅ ነው፤ ደብረ ብርሃን አንድ ቤት አድገው አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ ጀርመን ወጡ። ፍራንክፈርት የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። እሱ ቤት አንዲት ስሟ የማይታወቅ የጀርመን ኩባንያ የምትሠራት ሳጥን አለች። ሪሞቷን በቪዲዮ አሳየው። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ። እንግዳወርቅ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሪሞቱን አዲስ እንደተወለደ የልጅ ልጅ አየው።

ሳጥኗ ግን የጀርመን አድራሻና የጀርመን ስልክ ካልተሰጣት አትከፈትም። "በስሜ አወጣታለሁ፣ ምን ችግር አለ" አለ ሀብተማርያም። የኛ ሰው እንዲህ ነው። ቤቱ በወንድም ስም፣ መኪናው በአጎት ስም፣ የስልክ መስመሩ ድሮ አብሮን በኖረ ልጅ ስም። በራሳችን ስም የሚገኘው የትራፊክ ቅጣት ብቻ ነው። ማንም ይህ ነገር አንድ ቀን ምን ያመጣል ብሎ አልጠየቀም፤ እኔም ጭምር።

ይዛት የመጣችው እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ የምትኖር ሉባባ የምትባል የወሎ ሴት ናት፣ ፍራንክፈርት እህቷ ዘንድ ከርማ ስትመለስ። ልንቀበላት ሄድን። ሳጥኗን በሻሽ ጠቅልላ፣ ሻንጣው መሃል አድርጋ አምጥታታለች። "ዱለስ ኤርፖርት ላይ ምንድነው ብለው ያዙኝ። የታማሚ ዕቃ ነው አልኳቸው። ዋሸሁ እንዴ?" አለችን። "አልዋሸሽም" አላት እንግዳወርቅ፤ ድምፁ ተሰብሮ ስለነበር ሁለታችንም ሌላ ሌላ አየን።

ኤፍራታ ኢንተርኔቱን ጀርመን ያለ የሚያስመስል ፕሮግራም ጫነችበት፤ የሶኬቱን ጫፍ ለወጥንለት፤ ሳጥኗ ተከፈተች። ያን ቀን "ጀርመኒቷ" ብለን ስም አወጣንላት። እንግዳወርቅ አንድ ቁጥር ላይ የአማርኛ የመዝሙር ቻናል አደረገላት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጀርመንኛ ነው። አራት ቁጥር ላይ ባቡር አለ፤ ቀይ ባቡር በበረዶ መሃል ተራራ ሲወጣ ያሳያል፣ አንዳንዴ ላሞች፣ አንዳንዴ ድልድይ። አሰለፈች የመዝሙሩን ሰምታ ስትጨርስ አራትን ትጫናለች።

መጀመሪያ ምን ታያለች ብለን ተሳሳቅን። ኋላ ገባኝ። እንግሊዝኛ ሲሆን ሁሉም ሰምቶ እሷ ብቻ አትሰማም። አማርኛም ቢሆን ሁሉም ስቆ ሲጨርስ እሷ ገና ናት። ጀርመንኛውን ግን ከመሃላችን አንድም የሚሰማ የለም። ባቡሩ ፊት ሁላችንም እኩል ደንቆሮ ነን። አጠገቧ ቁጭ ብዬ "ሰውዬው ምን አለ?" ስላት "እንጃ" ትለኛለች፣ እኔም "እንጃ" እላታለሁ፣ በግማሽ ፊቷ ትስቃለች። ከስትሮኩ ወዲህ ሰው እኩያዋ አድርጎ ሲያወራት ያየሁት እዚያ ባቡር ፊት ነው።

ጀርመኒቷ አንድ አመል ነበረባት። በየጥቂት ቀኑ ትዘጋና ማንነትህን አረጋግጥ ትላለች። ያን ጊዜ እሺ የሚለውን ቁልፍ ስትጫን ሀብተማርያም ስልክ ላይ ቁጥር ይላካል፤ ያን ቁጥር ቶሎ ካልከተብክ ይሞታል። አሰለፈች ቁልፉን ትጫናለች፣ ባሏን ታያለች፣ እሱ ስልኩን አንስቶ ይደውላል። እዚህ ጠዋት ሲሆን እዚያ ከሰዓት ነው፤ ሀብተማርያም የጠዋቱን ተራ ጨርሶ ቤቱ ገብቷል።

"አሰለፈች ተነሳች ማለት ነው" ይላል ገና ሃሎ ሳይባል። "ቁጥሯን ልንገርህ?"

ቁጥሯን ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ ነው ወሬው። ድሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚደዋወሉት ለበዓል ነበር። አሁን በኮድ ምክንያት ወንድማማች ሆኑ። እሁድ እሁድ ደብረ ብርሃን እትዬ ደብሪቱ ጋ የሚደውለው እንግዳወርቅ ስለሆነ ሀብተማርያም መጀመሪያ የሚጠይቀው "እማዬን እንዴት አገኘሃት?" ብሎ ነው። እሳቸው ልጃቸው ሲደውል "ገንዘብህን አትጨርስ" ብለው ቶሎ ይዘጉበታል፤ ለእንግዳወርቅ ግን ጉልበታቸውን፣ ጎረቤታቸውን፣ ዶሮዎቻቸውን ሁሉ ያወራሉ። ሀብተማርያም የእናቱን ወሬ የሚሰማው በዚያ በኩል ነበር። ሰውየው ብቸኛ ነው፤ ሚስትም ልጅም የለውም። ኮድ የመጣ ቀን ደስ ይለዋል።

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ አንድ ረቡዕ፣ እትዬ ደብሪቱ አረፉ።

ለእንግዳወርቅ ከአገር ቤት ተደወለለት። መጀመሪያ የተነገረው መሞታቸው ነው፤ ወዲያው የተከተለው ደግሞ ትእዛዙ። "ሀብቴ እንዳይሰማ። ብቻውን ነው፤ አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ መሪ ላይ ሆኖ እንዳይሰማ። የፍራንክፈርት ሽማግሌዎች ቅዳሜ ማለዳ ቤቱ ገብተው ያረዱታል። ፌስቡክ ላይ ፎቷቸውን እንዳትለጥፉ።" ይህን ደንብ ለማታውቁ አይደለም የምነግራችሁ። ሬሳው ተቀብሮ፣ አገር ሁሉ ሰምቶ፣ ልጁ ብቻ እየሳቀ ይውላል። ሲያዩት ጭካኔ ነው፤ የሚያደርጉት ግን ስለሚሳሱለት ነው። ለአሰለፈችም እስከ ቅዳሜ አይነገራት ተባለ፤ ሐኪሟ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሏል፣ እትዬ ደብሪቱን ደግሞ እንደ እናቷ ነበር የምትወዳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጀርመኒቷ ተዘጋች።

መርዶውን ሰምቼ ከሥራ ቀርቼ እዚያው ነበርኩ። አሰለፈች እሺ የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። ባሏን አየችው። እንግዳወርቅ ስልኩን አነሳ። አየው፣ አየውና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ኩሽና ገባ፤ ተከተልኩት።

"ቁጥሩን ብቻ ጠይቀህ ዝጋ" አልኩት በሹክሹክታ።

"'እማዬን እንዴት አገኘሃት' ይለኛል። ምን ልበለው? ደህና ናት ልበለው፣ አፈር ለብሳ?"

"እኔ ኮል ላድርግለት።"

"አንተን መች ያውቅህና። የማያውቀው ሰው ሲደውልለት ጭራሽ ይደነግጣል።"

ኤፍራታ ከሥራ ቦታ በስልክ "ጀስት ቴክስት ሂም፣ ዳድ" አለችው። ቴክስት አድርጎለት አያውቅም። "ኮዱን ላክልኝ" ብሎ ጻፈ፣ አየው፣ አጠፋው። እንደገና ጻፈ፣ "ደህና ነህ" የምትል ጨመረበት፣ አጠፋው። ያ በጣሪያ ላይ በረዶ የማያሸንፈው ሰው ሁለት ቃል መላክ አቃተው። ስልኩን የሻይ ሳጥን ላይ አስቀምጦ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ላግዘው ፈለግሁ፤ ምን አድርጌ? የሚያዝ መሰላል የለም።

ተመልሶ "ተበላሽታለች፣ ቅዳሜ አስተካክላታለሁ" አላት። "እሺ" አለችው። አላመነችውም። ተበላሽታ ታውቃለች እንዴ? ሁልጊዜ እንዲህ ተዘግታ፣ እሷ ተጭናለት፣ እሱ ደውሎ ነው የምትከፈተው። የራሷን ድርሻ እንደተወጣች ታውቃለች፤ ያልተወጣው እሱ ነው። ቆየት ብላ እንደገና ተጫነች፣ አየችው። እሱ መስኮቱን አየ። እንደገና ተጫነች።

ሪሞቱን ሊቀበላት ይችል ነበር። "እጄ አልሄድ አለ" ብሎኛል። ሐሙስን ሙሉ፣ ዓርብን ሙሉ ስትጫን ዋለች። አጠገቧ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጥቁሩን ስክሪን አብሯት ያያል። እንዲደውል ስልኩን በዓይኗ ታመለክተዋለች። ዓርብ ወደ ማታው ስክሪኑ ቀላ፤ ኤፍራታ ጀርመንኛውን በስልኳ አስተርጉማ ሙከራው ስለበዛ ተቆልፏል አለች። አሰለፈች ያኔም አንዴ ተጫነች።

ቅዳሜ ጠዋት ከፍራንክፈርት ተረድቷል የሚል ወሬ መጣ። የሰፈር ሴቶች ተሰብስበው ለአሰለፈችም ነገሯት። በግራ እጇ ደረቷን እየመታች ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከተረጋጋች በኋላ እንግዳወርቅ ሀብተማርያም ጋ ደወለ፤ እሷም እንድትሰማ ስፒከር ላይ አደረገው።

ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ ተላቀሱ። ቀጥሎ እንግዳወርቅ "ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ እያወቅሁ ዝም አልኩህ፤ እንዲህ ታዝዤ ነው" አለው።

"አውቃለሁ። እኔም ሐሙስ ዕለት ሰምቼ ነበር" አለ ሀብተማርያም።

"ማን ነገረህ?"

"ኮዱ መጣ። አሰለፈች ተነሳች አልኩና ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። አልደወልክም። ሌላ ኮድ መጣ። አልደወልክም። አንተ እሷን ጨለማ ላይ አስቀምጠህ ዝም የምትል ሰው አይደለህም። እሷ ሞታ እንዳልል ደግሞ እየተጫነች ነው። ሦስተኛው ሲመጣ እማዬ መሆኗን አወቅሁ።"

ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁላችን ስልኩን እያየን ነበር።

"ዓርብ የከሰዓቱን ተራ ገባሁ" አለ። "ምን ላድርግ? ሽማግሌዎቹ ለቅዳሜ ተዘጋጅተዋል፤ ሰምቻለሁ ብላቸው ያፍራሉ። አውቶቡሱን እየነዳሁ ኮዱ ኪሴ ውስጥ ይጮኻል። ዛሬ ጠዋት ሲመጡ እንዳልሰማ ሆኜ በር ከፈትኩላቸው።" ድምፁን ዝግ አደረገ። "ያረዳችኝ አሰለፈች ናት። እግዜር ይስጣት፣ ብቻዬን እንዳለቅስ ጊዜ ሰጠችኝ።"

ለምስጋና ነው የተናገረው፤ እምላለሁ፣ ከልቡ ነው። ቀስ ብሎም ነው የተናገረው፣ እሷ እንድትሰማው ብሎ። እና ሰማችው። አንድም ቃል አላመለጣትም። ወደ ግራ እጇ አየች። ሪሞቱ እዚያው መዳፏ ውስጥ ነበር።

የለቅሶው ሰሞን ካለፈ በኋላ ሀብተማርያም ኩባንያው ጋ ደውሎ ቁልፉን አስፈታ። አዲስ ኮድ መጣ፣ ተከተበ፣ ጀርመኒቷ ተከፈተች። ባቡሩ ካቆመበት ተራራ እየወጣ ነበር። እንግዳወርቅ ደስ ብሎት ሪሞቱን ወስዶ ግራ መዳፏ ላይ አስቀመጠላትና ጣቶቿን አጠፈላት። ጣቶቿን ፈታቻቸው። ሪሞቱን አልጋው ላይ፣ በሱ በኩል፣ በጥንቃቄ አኖረችው።

"አራትን ተጫኚያ አሱ፣ ባቡሩ" አላት።

"እንጃ" አለች።

"ያንቺ ጥፋት አይደለም እኮ። አመስግኖሽ ነው ስልኩን የዘጋው።"

"እሺ" አለች። አልነካችውም።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኗ አንድ ቀን አልተበላሸችም። ኮድ ሲጠየቅ ቁልፉን የሚጫነው እንግዳወርቅ ነው፤ ቻናሉንም የሚመርጠው እሱ ነው። አሰለፈች የተከፈተላትን ታያለች። መዝሙር ከሆነ መዝሙር፣ ዜና ከሆነ ዜና። ባቡሩን ሲያመጣላትም ታያለች፤ "ሰውዬው ምን አለ?" ብዬ ስጠይቃት ግን አትስቅም።

ባለፈው ሊሸኘኝ እስከ በር ወጣ። በሩ ላይ ቆመና "ምን ባደርግ ሪሞቱን መልሳ ትይዛለች?" ብሎ ጠየቀኝ። ስንት ዓመት ስንተዋወቅ ምክር ጠይቆኝ አያውቅም። እንደ ልማዱ ወደ ላይ አላየም፤ ዓይን ዓይኔን ነው የሚያየኝ፣ መልስ ይጠብቃል።

ጣሪያውን ያየሁት እኔ ነኝ።